የ12፣ የ14 እና የ15 ኢንች ላፕቶፖች ዕቃ ይዋዋሳሉ? ጥያቄና መልስ

ከጎጃም የደረሱኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ ልመልስ። አብዛኞቹ በፈረንጆቹ 2011 ስለወጡት ቲንክፓድ የሚባሉ የሌኖቮ ላፕቶፖች ናቸው፦ ባለ 12.5 ኢንቹ ኤክስ220፣ ባለ 14ቱ ቲ420 እና ባለ 15.6ቱ ቲ520። ለአንድ ኪቦርድ ብሎ ከሞጣ ባሕር ዳር ድረስ የሚመላለስ ሰው አለ። ስለዚህ የሞተ ላፕቶፕ ያላችሁ፣ እባካችሁ አትጣሉት።

ከደብረ ማርቆስ፦ ወንድሜ፣ የቲ420ዬ ኪቦርድ ግማሹ አይሠራም። ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) የተቃጠለ ቲ520 ቤት አለ። አውጥቼ ልግጠመው?

ግጠመው! የሦስቱም ኪቦርድ አንድ ነው፤ ትንሹ ኤክስ220 ራሱ ይህንኑ ነው የሚጠቀመው። መጀመሪያ ቻርጀሩን ንቀል፣ ባትሪውን አውጣ። ገልብጠህ የኪቦርድ ምልክት ያለባቸውን ብሎኖች ፍታ። መልሰህ አዙረውና ኪቦርዱን በሁለት አውራ ጣትህ ወደ ስክሪኑ ገፋ አድርገው። ወደ አንተ ያለው ጠርዝ ብቅ ይላል። እዚህ ላይ ቆም በል፤ ከሥሩ ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካ አጭር ገመድ አለ። ቸኩሎ ብድግ ያደረገ ሰው የሚበጥሰው እሱን ነው። መሰኪያውን ይዘህ በቀስታ ንቀል።

ከዚያው፦ የቲ520ው ባትሪስ?

ለቲ420 ይሆናል። መብራት ሲጠፋ ተቀያሪ ይሆንሃል። ለኤክስ220 ግን አይገባም።

ከሞጣ፣ አንዲት መምህርት፦ የቲ420ን ሃርድ ዲስክ ወደ ኤክስ220 ላዛውር ብል አልገባ አለኝ።

እህቴ፣ ችግሩ ውፍረቱ ነው። የድሮው ዲስክ 9.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኤክስ220 ደግሞ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚቀበለው። በግድ እንዳያስገቡት። ገንዘቡ ካለዎት 7 ሚሊ ሜትር የሆነ ሳታ ኤስኤስዲ (በዚያው ሳታ በሚባለው መሰኪያ የሚገባ፣ የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ይግዙ፤ ማሽኑ ነፍስ ይዘራል። ራሙን (ጊዜያዊ ማስታወሻውን) ግን ያለ ሐሳብ ያዛውሩት፤ ሦስቱም የሚጠቀሙት ባለ 204 ፒን የሆነውን ዲዲአር3 የተባለ የራም ዓይነት ነው። ዲዲአር4 ባለ 260 ፒን ስለሆነ አይገባም።

ከቡሬ፦ ፕሮሰሰር መቀያየር ይቻላል?

በቲ420 እና በቲ520 መካከል አዎ፤ በሶኬት ነው የሚቀመጠው። ባለ 45 ዋቱን ባለ አራት ኮር ቲ420 ላይ መግጠም ግን አልመክርም፤ ያግለዋል። የኤክስ220ው ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል፤ አይነካም።

ከፍኖተ ሰላም፦ ስክሪንና ማዘርቦርድስ?

አይሆንም። መጠኑ የሚወስነው እነዚህን ነው።

ከዳንግላ፦ ከሌላ ብራንድ ያወጣሁትን የዋይፋይ ካርድ ስገጥም 1802 የሚል ስህተት መጣ።

ካርዱ አልተበላሸም። የማሽኑ ባዮስ (ላፕቶፑን የሚያስነሳው ውስጣዊ ፕሮግራም) የሚያውቃቸውን ካርዶች ብቻ ነው የሚያስገባው። አውጣውና መልሰህ አስነሳው። ከሌላ የዚያው ዘመን ቲንክፓድ የወጣ ፈልግ።

ከባሕር ዳር፣ ተማሪ፦ ለመለዋወጫ የሚሆን አሮጌ ቲ420 ልገዛ ነው። ምን ልይ?

ማዘርቦርዱን ከፈለግኸው ብር ከመክፈልህ በፊት አስነሳውና ባዮሱን ለመክፈት ኤፍ1ን ተጫን። የይለፍ ቃል ከጠየቀህ ሻጩ ራሱ ከፍቶ ያጥፋልህ። ካላወቀው ተወው፤ ቃሉ የሚቀመጠው ማዘርቦርዱ ላይ ስለሆነ ዲስክ ብትቀይርም አይጠፋም። ቻርጀሩም ባለ 20 ቮልት መሆኑን ጽሑፉ ላይ አንብብ። ባለ 65 ፋንታ ባለ 90 ዋት ቢሰጡህ ችግር የለውም።