ፋሻ ከመቀየርህ በፊት አቧራው የሚገባበትን ፈልግ

ወንድሜ፣ ኮዬ ፈጬ ግንባታ ላይ የምታሠራው ባለ 6.5 የፈረስ ጉልበት ጄኔሬተር ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ተቀይሮለትም እንደገና ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ ዘይት ይበላል ብለሃል። የዘይቱን ዓይነት ልቀይር ወይ ብለህም ጠይቀሃል። እኔ ከአቃቂና ከቱሉ ዲምቱ፣ ከብሎኬት ማምረቻና ከግንባታ ቦታ የሚመጡ ትናንሽ ሞተሮችን ነው የምጠግነው። ዘይቱን ተወው። አቧራ እየገባ ነው።

መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጣና ወደ ካርቡራተር፣ ማለት አየርና ቤንዚን ወደሚቀላቀሉበት፣ የሚወስደውን ቀዳዳ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጥረግ። ቡናማ ዱቄት ከያዘ ፊልትሮው እያለም አቧራው እያለፈ ነው። ከዚያ መንገዱን ፈልግ። የፊልትሮውን ወረቀት ወደ ፀሐይ ይዘህ ቀዳዳ እንዳለው እይ። የጠርዙ ማሸጊያ አልቆ ወይም ክዳኑ ተጣሞ ሊሆን ይችላል። ካርቡራተሩ ከሞተሩ ጋር የተያያዘበት ብሎን ላልቶም አይቻለሁ፤ ይኼኛው ክፉ ነው፣ አየሩ በፊልትሮው በኩል ሳያልፍ ነው የሚገባው። በፊልትሮው ቦታ የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጠው የሚከቱም አሉ። እሱ አቧራ አያስቀርም።

አንድ ሊትር ቤንዚን ለማቃጠል ከ9,000 ሊትር በላይ አየር ያስፈልጋል። እንግዲህ በበጋ በኮዬ መንገድ ላይ ያ ሁሉ አየር ምን ይዞ እንደሚገባ አስበው። አቧራው ውስጥ ያለው ሲሊካ ፒስተኑ ከሚመላለስበት ከሲሊንደሩ ብረት ይጠነክራል። ዓይን የማያየው ደቃቁ ብናኝ ፋሻውና ሲሊንደሩ መሀል ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ሲከፈት ከላይ እስከ ታች የተሰመረው ጭረት በጥፍር ይያዛል። እዚያ ላይ አዲስ ፋሻ ብትገጥም አይዘጋልህም። እነዚህ ሞተሮች ደግሞ የዘይት ፊልትሮ የላቸውም፤ የገባው ሁሉ ከዘይቱ ጋር እየዞረ ኩሽኔታውንም ይበላል።

ጉልበት አነሰው ብላችሁ ፊልትሮውን አውልቃችሁ የምታሠሩ፣ እባካችሁ ተዉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ፊልትሮው አይደለም ያፈነው። ጭነቱን ቀንሱለት።

አጸዳዱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፊልትሮውን የራሱን ስፖንጅ በሞቀ ውኃና በሳሙና እጠበው። አትጠምዝዘው፣ በመዳፍህ ጨምቀው። ሲደርቅ ንጹሕ የሞተር ዘይት ንከረውና ትርፉን ጭመቅ። ወረቀቱን ግን ውኃም ዘይትም አታስነካው። ቀስ ብለህ ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርገህ አራግፈው። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ግፊት ይቀደዋል። ከቆሸሸ ቀይረው፣ ከሞተር ይረክሳል። መመሪያው በየ50 ሰዓቱ ይጸዳ ቢልም ሲሚንቶ በሚቦካበት ቦታ በየቀኑ ክፈተው። ጄኔሬተሩንም ከማቡኪያው አርቀህ፣ ነፋሱ አቧራውን ወደማይወስድበት ጎን አስቀምጥ። ማቀዝቀዣ ክንፎቹንም ጥረግ።

አሁን ሲሊንደሩ ሳይለካ ሌላ ፋሻ እንዳትገዛ። ሲከፈት ፎቶ አንሥተህ ለጥፍልን፤ ሲሊንደሩ ይሰፋና በትልቅ ፒስተን ይሠራ ወይስ ሌላ ይገዛ የሚለውን አይተን እንነግርሃለን።