የአረንጓዴ ሻይ እንክብል የጉበት ስብ ያጠፋል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ46 ዓመት ሴት ነኝ። በቅርቡ አልትራሳውንድ ታይቼ ጉበትሽ ላይ ስብ አለ ተባልኩ። አልኮል በአፌ አይዞርም። ጓደኛዬ «ስቡን ሙልጭ አድርጎ ያወጣዋል» ብላ የአረንጓዴ ሻይ እንክብል ሰጠችኝ። ሻዩንም በቀን ሁለት ሦስቴ እጠጣለሁ። እንክብሉን ልጀምረው?

መልስ፦ እንክብሉን አይጀምሩት። ሻዩን ግን ይጠጡ።

ጓደኛዎ ያሉት ከምንም ተነስተው አይደለም። አረንጓዴ ሻይ ውስጥ ካቴኪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ዋናው ኢጂሲጂ ይባላል። በእንስሳት ላይ ሲሞከር ጉበት ውስጥ የሚከማቸውን ስብ ቀንሷል። በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግን አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። በአንዳንዶቹ የጉበት ኢንዛይም (ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚበዛው) ወርዷል፤ ውጤታቸው ግን እርስ በርሱ አይገጥምም። ስለዚህ ለጉበት ስብ መድኃኒት ነው ብዬ አላዝልዎትም።

የሚያሳስበኝ መጠኑ ነው። ሻይ ጠጪ በቀን የሚያገኘው ኢጂሲጂ በአብዛኛው ከ90 እስከ 300 ሚሊ ግራም ነው። እንክብል ግን የተጨመቀ ነው፤ አንዳንዱ ከዚህ በጣም የበለጠ ይይዛል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ጉዳዩን መርምሮ፣ በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ኢጂሲጂ በእንክብል ሲወሰድ የጉበት ኢንዛይም ከፍ እንደሚል አሳውቋል። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ደግሞ ወደ ደም የሚገባው ይበዛል። አልፎ አልፎ ጉበታቸው ክፉኛ የተጎዳ ሰዎችም አሉ። ጉበቴን ላድን ብለው እሱኑ መጉዳት ያሳዝናል።

ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጡት። የደም ማነስ ካለብዎ ከምግብ ጋር አይሁን፤ የአይረንን መመጠጥ ይቀንሳል።

ስቡን በእርግጥ የሚቀንሰው ክብደት መቀነስ ነው። 80 ኪሎ ከሆኑ 4 ኪሎ ሲቀንሱ ከጉበትዎ ስብ መውረድ ይጀምራል። ከ6 እስከ 8 ኪሎ ከቀነሱ ስቡ ያስከተለው የጉበት መቆጣትም ይበርዳል። ግን ቀስ ብለው፤ ጾም ውሎ ማደር፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ኪሎ መጣል ጉበትን ያስቆጣል። ለስላሳ መጠጥና የታሸገ ጭማቂ ይተዉ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ። ስኳርና ኮሌስትሮልዎንም ይመርመሩ፤ የጉበት ስብ ብቻውን የሚመጣው ስንቴ ነው?

ከእንክብሉ ቀምሰው ከሆነ አይደንግጡ፣ ያቁሙት። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ ከጠቆረ ወይም ከቀኝ ጎድንዎ በታች ካመመዎት ግን ዛሬውኑ ሐኪም ይዩ። የእንክብሉን ዕቃ ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ አለበት።