በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የአድልዎ አቤቱታ እመረምራለሁ፤ የጠየቃችሁኝን ልመልስ

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አቤቱታ መመርመር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ወደዚህ ሥራ መግባት የምትፈልጉ ብዙ ጥያቄ ልካችኋል።

ጥያቄ፦ «ዳይቨርሲቲ» የሚባለው ነገር እየተዘጋ አይደል እንዴ? አሁን መግባት ያዋጣል?

መዘጋቱ እውነት ነው። ቴክሳስ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ የዳይቨርሲቲ፣ ማለትም የብዝኃነት ቢሮዎችን በሕግ ከልክላለች። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲም በ2025 የራሱን ዘግቷል። ግን ሰው ሁለት ሥራ ያደባልቃል። አንደኛው ብዝኃነትን ማበረታታት ነው፦ ሥልጠና፣ ዝግጅት፣ የተማሪ ድጋፍ። እሱ ፖለቲካው ሲነፍስ አብሮ ይነፍሳል። ሁለተኛው አቤቱታ መመርመር ነው፤ ይሄ የቆመው በሕግ ላይ ነው። የዘር፣ የቀለምና የትውልድ አገር አድልዎን የሚከለክለው «ታይትል ሲክስ» ከ1964 ጀምሮ አለ። የፆታው «ታይትል ናይን» ደግሞ ከ1972። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ የታይትል ናይን አስተባባሪ መመደብ ግዴታው ነው። እኔ ብሆን የማንኳኳው ይህንን በር ነው።

ጥያቄ፦ የግድ ሕግ መማር አለብኝ?

የለብህም። አብረውኝ የሚሠሩት ውስጥ የሶሻል ወርክ ምሩቅም አለች። መጻፍ የማይወድ ሰው ግን ባይሞክረው ይሻለዋል። የአንድ ጉዳይ ሪፖርት አርባ ገጽ ሊደርስ ይችላል።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ሥራሽ የተበደለን መርዳት ነው አይደል?

ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። መርማሪ የማንም ወገን አይደለም። አንድ ቀን አንዲት ያገሬ ልጅ መጣች። ገና ሳትቀመጥ በአማርኛ፣ «እትዬ፣ መቼም አንቺ ትረጂኛለሽ» አለችኝ። ጉዳዩን ለባልደረባዬ አስተላለፍኩት። ልጅቷ ቅር አላት፤ እኔም ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ግን ሌላ ምን ላድርግ? ተከሳሹ ያንን አማርኛ ቢሰማ ምርመራው በሙሉ ጥያቄ ውስጥ ይገባ ነበር። በዚያ ላይ የ2024ቱን የታይትል ናይን ደንብ ፍርድ ቤት በጥር 2025 ሽሮታል። ስለዚህ የምንሠራው በ2020ው ነው። በእሱ መሠረት የዩኒቨርሲቲ የፆታ ጥቃት ጉዳይ ችሎት ሲቀርብ የተከሳሹ አማካሪ ከሳሿን በቀጥታ ይጠይቃታል። ያንን ቁጭ ብሎ ማየት ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ ቅላጼዬ አበሻ አበሻ ይላል። ችግር አለው?

የለውም። እንዲያውም ሰውን በቅላጼው ማግለል ራሱ የትውልድ አገር አድልዎ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የሥርዓተ ፆታ ቢሮ ሠርቻለሁ። ይጠቅመኛል?

በጣም። አጻጻፉ ላይ ግን ተጠንቀቂ። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ ይፈቅዳል። እዚህ ግን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2023 በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ጉዳይ ዘርን ለቅበላ መመዘኛ ማድረግን ከልክሏል። ስለዚህ ሲቪሽን «ልዩ ድጋፍ ሰጠሁ» ብለሽ አትጀምሪ። ስንት ቅሬታ እንደተቀበልሽ፣ ምስክር እንዴት እንዳነጋገርሽ፣ መዝገቡን የት እንደቆለፍሽ ጻፊ። ቃለ መጠይቅ ላይ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ይህንኑ ነው።