ለቀለሙ አትቸኩዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የበረዶው ወራት በዓላት አልፈው እንግዳው ሁሉ ከተበተነ በኋላ የተራራው ቤታችሁ ጨለም ብሎሻል፣ ጭስ ጭስም ይሸታል። ቀለም ላስቀባ ወይስ መጋረጃና ሶፋ ልቀይር ነው ያልሽው። እኔ ሁለቱንም ለጊዜው ተዪው ባይ ነኝ። እንዲህ ያለ ቤት ይዤ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ሰሞን ቤቱ የሚደበዝዘው አርጅቶ ሳይሆን እርጥበትና ጥላሸት ጠጥቶ ነው።

ደግሞ የበዓሉ ጌጥና መብራት ሲወርድ የማንም ቤት ባዶ ይመስላል። ዓይንሽ እስኪለምደው ጥቂት ቀን ስጪው። በዚህ ስሜት ገበያ የወጣ ሰው የማይፈልገውን ዕቃ ተሸክሞ ነው የሚመለሰው።

መጀመሪያ እርጥበቱን አስወጪ። ቤት ሙሉ ሰው ሲታጠብ፣ ሲያበስል፣ የረጠበ ካፖርትና ጓንት ምድጃ ዳር ሲያሰጣ ከርሟል። ያ ሁሉ ውሃ ፍራሹ፣ መጋረጃውና ጣውላው ውስጥ ገብቷል። “ውጭው በረዶ ሆኖ ምን መስኮት ይከፈታል?” እንዳትዪኝ። ዜሮ ዲግሪ ላይ ያለ አየር በአንድ ሜትር ኩብ ቢበዛ 5 ግራም ገደማ የውሃ ተን ነው የሚይዘው። 20 ዲግሪ ሲደርስ ግን 17 ግራም ገደማ መያዝ ይችላል። ስለዚህ ቀዝቃዛው አየር ገብቶ ሲሞቅ ከቤትሽ ውሃ ይጠጣል። ከዚያ ደግሞ ታስወጪዋለሽ። ትይዩ ያሉትን መስኮቶች ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ወለል አድርገሽ ክፈቺ፣ ዝጊ፣ ቤቱን አሙቂ። በቀን ሁለት ሦስቴ ድገሚው። ገርበብ አድርጎ ቀኑን ሙሉ መተው ግን አይጠቅምም። ግድግዳው ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱም እዚያው ያርፍበታል። ፍራሾቹን በጎናቸው አቁሚ። ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ትንሽ ሳብ አድርጊው፤ ሻጋታ የሚደበቀው ከጀርባው ነው።

ወደ ጥላሸቱ እንምጣ። እርጥብ ጨርቅ ይዘሽ ግድግዳው ላይ ከዘመትሽ ጉድ ፈላ፤ ጥላሸቱ ተለቅልቆ ይቀራል። በደረቁ ጀምሪ። ለስላሳ ብሩሽ ባለው ቫኪዩም ሳትጫኚ ጥረጊው። ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ የዕቃ ሳሙና ከታች ወደ ላይ እጠቢ። አዎ፣ ከታች ወደ ላይ። ከላይ ከጀመርሽ የሚወርደው ቆሻሻ ውሃ ደረቁ ግድግዳ ላይ መስመር ይሠራል፣ ያ መስመር ደግሞ በዋዛ አይለቅም። ሳይታጠብ ቀለም ከተቀባበትማ ቡናማው እድፍ ውሎ አድሮ ብቅ ይላል፣ ገንዘብሽም ውሃ በላው። ብዙ ጊዜ ግድግዳው ሲታጠብ የቀለሙ ነገር ራሱ ይረሳል።

የምድጃው መስታወት ጠቁሮ ከሆነ ለሱ ተብሎ የሚሸጥ ኬሚካል አያስፈልግሽም። ምድጃው በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ጋዜጣ ጨብጠሽ ውሃ አስነኪው። ከዚያ ደቃቁን ግራጫ አመድ በላዩ ያዝ አድርገሽ መስታወቱን ዙሪያውን እሺው። ጥቁሩ ወደ ቡናማ ይለወጥና እየተላጠ ይመጣል። አመዱ ጠጠር እንዳይኖርበት ግን እዪ፣ ይጭራል። ጓንትም አድርጊ። መስታወቱ ቶሎ ቶሎ የሚጠቁር ከሆነ እንጨታችሁን ጠርጥሪ። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ያልሆነ እንጨት ከሙቀቱ ጭሱ ይበዛል። ያው ጭስ ጭስ ማውጫው ውስጥ ተጣብቆ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል፣ በዓመት አንዴ ባለሙያ ያጽዳው።

የሚወጣውን አመድ በካርቶንም በፌስታልም አታስቀምጪ። ፍም አመድ ውስጥ ተቀብሮ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ክዳን ባለው የብረት ባልዲ፣ ከቤቱም ከእንጨት በረንዳውም ራቅ አድርገሽ አቆዪው።

ምንጣፉን ለማጠብ አትድከሚ፤ በረዶው ራሱ ያጸዳልሻል። ብርዱ ጠንከር ያለበትና በረዶው እንደ ዱቄት የሚበንበት ቀን ጠብቂ። ምንጣፉን ውጭ አውጥተሽ እስኪቀዘቅዝ ተዪው። ከዚያ ፊቱን ወደ በረዶው ደፍተሽ ጀርባውን ደብድቢው። ስታነሺው በረዶው ላይ የሚቀረውን ግራጫ ምልክት ስታዪ ትስቂያለሽ። አራግፈሽ ቶሎ አስገቢው። በረዶው መቅለጥ ከጀመረ ግን አይሞከርም፣ ምንጣፉን አረጠብሽው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቤቱ ከጨለመብሽ መስኮቶቹን እጠቢ። ትኩስ በረዶ ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን ከ80 በመቶ በላይ መልሶ ያንጸባርቃል። ያን ሁሉ ነጻ መብራት ጥላሸት የለበሰ መስታወት እየከለከለሽ ነው። ግድግዳ ላይ መስታወት ካለሽ ከመስኮት ፊት ለፊት ስቀዪው። ሶፋው ይቆይ።

ዘግታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ውሃውን ከዋናው መዝጊያ ዝጉና ቧንቧዎቹን አፍስሱ፤ የመጸዳጃውን ታንከርም እንዳትረሱ። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ቧንቧ ይሰነጥቃል። ፍሪጁን ባዶ አድርጋችሁ፣ ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ በሩን ገርበብ አድርጉት።

የመጋረጃው ጨርቅ ምን እንደሆነ አልጻፍሽም። ሱፍ ከሆነ ማሽን ውስጥ አትክተቺው፣ ደረቅ ቀን ጠብቀሽ ውጭ አናፍሺው። ሌላ ጨርቅ ከሆነ ጻፊልኝ።