የመቶ አለቃ ላተም የወርቅ ሜዳይና የዋልሽ ምስክርነት

ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

በቀዶ ሕክምና ረጅም ዘመን አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ልትጠይቁኝ የምትመጡ ሁሉ አንድ ነገር ታነሡብኛላችሁ። «የደከምንበት ሥራ በሌላ ሰው ስም ይወጣል፤ ምን እናድርግ?» ትሉኛላችሁ። ቅሬታችሁ እውነት ነው። እኔ ግን ነገሩን ከወዲያኛው ወገን እንድታዩት እፈልጋለሁ። ለዚህ የሚረዳኝ የአንድ እንግሊዛዊ መኮንን ታሪክ ነው፤ ማቲው ላተም ይባላል። ያገኘሁትም ስለ አፍንጫ ቀዶ ሕክምና ሳነብ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘመኑ 1811፣ ወሩ ሜይ፣ ቦታው ስፔን ውስጥ አልቡዌራ የምትባል መንደር ነው። ላተም «በፍስ» በሚባለው በ3ኛው የእግረኛ ክፍል ውስጥ መቶ አለቃ ነበር። ጦርነቱ እንደተፋፋመ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ፤ ጠመንጃው ረጠበ፣ ዓይን ማየት ተሳነው። በዚያ መሐል የፈረንሳይና የፖላንድ ፈረሰኞች ከጎን ደረሱባቸው። ከበፍስ 755 ሰዎች 643ቱ ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም ተማረኩ።

የንጉሡን ሰንደቅ የያዘው ምክትል መቶ አለቃ ዋልሽ ነበር። ዘንጉ ተሰበረ፣ እርሱም ቆስሎ ተማረከ። ላተም ሮጦ ሰንደቁን አነሣው። አንዱ ፈረሰኛ በጎራዴ ፊቱን ሲመታው አፍንጫውና የጉንጩ ክፍል ተቆረጠ። ሌላ ምት ግራ እጁን ወሰደው። በቀኝ እጁ ጨብጦ አልለቅም አለ። ጥለው በፈረስ ረገጡት፣ በጦር ወጉት። ጨርቁን ከዘንጉ ገንጥሎ በደረቱ ከልብሱ ሥር ሸሸገው፤ ሰንደቁም ከእርሱ ዘንድ ተገኘ። ይህ ሰው ከዚያ ሁሉ ቁስል መዳኑ ሐኪም ለሆንኩት ለእኔ ዛሬም ይደንቀኛል።

ከጦርነቱ በኋላ በወጣው ዘገባ ላይ ግን ሰንደቁን ያዳነው ዋልሽ ነው ተባለ። አስቡት እንግዲህ። ዋልሽ ወጣት ነው፣ ቆስሏል፣ ሰንደቁንም በእርግጥ ይዞት ነበር። ዝም ቢል ማን ይጠይቀዋል? ከምርኮ ተመልሶ ክፍሉን ሲቀላቀል ግን ያዳነው ላተም መሆኑን በራሱ አፍ ተናገረ። እኔ ከታሪኩ ሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህን ነው። በጎራዴ ፊት መቆም የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ ሰው ሁሉ እያመሰገናችሁ «እኔ አይደለሁም» ማለት ግን ቀዝቀዝ ባለ ልብ፣ ታስቦበት የሚደረግ ነው።

ሌላም እንቅፋት ነበረ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ጦር የወርቅ ሜዳይ የሚሰጠው ለጄኔራሎችና ሻለቃ ለሚመሩ አዛዦች ነበር። ተራው ወታደር ለእነዚያ ዘመቻዎች የብር ሜዳይ የተፈቀደለት በ1847 ነው፤ ያውም በሕይወት ለቆየው ብቻ። ስለዚህ ደንቡ ለአንድ መቶ አለቃ ወርቅ አይፈቅድም። የክፍሉ መኮንኖች ደንቡ እስኪሻሻል አልጠበቁም። ከኪሳቸው 100 ጊኒ (የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ገንዘብ) አዋጥተው የወርቅ ሜዳይ አሠሩለት፣ እንዲያደርገውም ልዩ ፈቃድ ተገኘለት። በ1813 ወደ ሻምበልነት አደገ፤ በ1820 ጡረታ ተሰጥቶት ከጦሩ ወጣ።

በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል አንዲት ነርስ ሌሊት የበሽተኛውን የደም ግፊት መውረድ አይታ፣ ውስጥ ለውስጥ እየደማ መሆኑን ጠርጥራ ሐኪሙን ቀሰቀሰችው። ሰውየው ዳነ። በማግስቱ በስብሰባው የተመሰገነው ሐኪሙ ብቻ ነበር፤ እርሱም ምስጋናውን ተቀብሎ ተቀመጠ። ልጆቼ፣ እንዲህ ያለ ወንበር ላይ መቀመጣችሁ አይቀርም፤ ያኔ እዚያው ስብሰባ ላይ ተናገሩ። ለብቻ በኮሪደር የሚባል «አመሰግናለሁ» ለዚያች ነርስ የዕድገት ፋይል ምንም አይጨምርም። ሪፖርት ስትጽፉ ስሙን ከነሥራው ጻፉ። መሥሪያ ቤቱ ሽልማት የለኝም ካለ እናንተ አዋጡ።

አሁን ወደ አፍንጫው ልመለስ። ላተምን ቀዶ ጥገና ያደረገለት በለንደን የነበረው ጆሴፍ ካርፒው ነው፤ ወጪውንም ልዑል አልጋ ወራሹ እንደሸፈነ ይነገራል። ማደንዘዣ ገና ባልነበረበት ዘመን የግንባሩን ቆዳ በአፍንጫ ቅርጽ ከሦስት ወገን ቆርጦ፣ ደም እንዳይቋረጥበት በቅንድብ መካከል ሳይለይ አዙሮ ሰፋው። ካርፒው ሥራውን በ1816 በመጽሐፍ አሳተመ፤ ስሙም በእኛ ሙያ ታላቅ ሆኖ ቀረ።

ካርፒው ራሱ ግን ዘዴው ከህንድ የመጣ መሆኑን አልደበቀም። በ1794 በአንድ የለንደን መጽሔት ላይ፣ አፍንጫው የተቆረጠ ካዋስጂ የሚባል በሬ ነጂ በፑና አካባቢ በዚሁ መንገድ መታከሙ ተጽፎ ነበር። የታካሚው ስም አለ። ቆመው ያዩት የሁለት እንግሊዛውያን ሐኪሞች ስም አለ። ቢላዋውን የያዘው ሰው ግን ከጡብ ሠሪዎች ወገን መሆኑ ብቻ ተገልጾ ታልፏል። አጠገቡ የነበሩት ስሙን ጠይቀው አንድ መስመር ቢጨምሩ ኖሮ፣ እኛ ቀዶ ሐኪሞች ዛሬ ለተማሪዎቻችን የምንጠራው የመጀመሪያው ስም የእርሱ ይሆን ነበር።