የጠብታ ውሃ ግርግር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የኩሬ ውሃ በማይክሮስኮፕ ሳይ ሁሉም ነገር ይንቀሳቀሳል። ሕይወት ያለውን በምን ልለየው?

መልስ፦ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ የሚነጉድ ከሆነ የሚሄደው ውሃው ነው። ጠብታው ከዳር መድረቅ ሲጀምር እንዲህ ይሆናል፤ የመሸፈኛውን መስታወት ዙሪያ በቫዝሊን ይድፈኑት። ባለበት የሚርገፈገፍ ነጥብም አያታልልዎ፤ የውሃ ሞለኪውሎች እየገፈተሩት ነው። ብራውኒያን እንቅስቃሴ ይባላል፤ የሞተ ባክቴሪያም፣ የቀለም ቅንጣትም እንደዚያው ይንቀጠቀጣል። በራሱ የሚዋኝ ግን ከጎረቤቱ ተለይቶ የራሱን መንገድ ይይዛል። ከተጠራጠሩ ከዚያው ውሃ ጥቂት አፍልተው፣ አቀዝቅዘው ያነጻጽሩ። ብዙ ተማሪ ይህችን ሙከራ ስለሚዘላት ነው የሚሳሳተው።

ጥያቄ፦ ፓራሜሲየም የሚባለው ባለ አንድ ሕዋስ የኩሬ ፍጥረት በደንብ ሳላየው ያመልጠኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ በሰከንድ 1 ሚሊሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ100 እጥፍ ማጉያ የሚታየው ስፋት ደግሞ ከ2 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። በ40 እጥፍ ይጀምሩ። ጥቂት የጥጥ ጭረቶች በታትነው ጠብታው ውስጥ ያድርጉ፤ መሃላቸው ይታገታል። ጥጡ ከበዛ መስታወቱ አይተኛም፤ ውሃው ካነሰ ይጨፈልቀዋል። ጭረት ሲነካው ልብ ይበሉ፦ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይገባል፣ ሲሊያ የሚባሉት ሽፋሽፍት መሰል ፀጉሮቹ በተቃራኒው ይቀዝፋሉ፣ ወደ ኋላ ያፈገፍግና ትንሽ ዞሮ እንደገና ይሞክራል።

ጥያቄ፦ ባክቴሪያ ዓይን የለው፤ ምግቡን እንዴት ያገኛል?

መልስ፦ ኢ. ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ እንውሰድ። ርዝመቱ 2 ማይክሮሜትር (1 ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ገደማ ነው፤ በሰከንድ ከ20 እስከ 30 ማይክሮሜትር ይዋኛል። ፍላጀላ የሚባሉት ጅራት መሰል ክሮቹ መነሻቸው ላይ ባለ ሞተር ይሽከረከራሉ፤ ሞተሩን የሚያዞረው ወደ ውስጥ የሚፈስ የሃይድሮጅን አዮን ነው። ሞተሮቹ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ሲዞሩ ፍላጀላዎቹ እንደ ሹሩባ ተጠምረው 1 ሰከንድ ያህል ቀጥ አድርገው ይነዱታል። አንዳንዶቹ አቅጣጫ ሲቀይሩ ጥምሩ ይፈታል፤ ለ0.1 ሰከንድ ያህል ይንገዋለልና ፊቱን በዘፈቀደ ወደ ሌላ ያዞራል። ምግቡ ከጥቂት ሰከንድ በፊት ከነበረው ከጨመረ መንገዋለሉን ያዘገያል። በቃ፣ ሌላ ካርታ የለውም። ሞተሩ ሲቆምም አይንሸራተትም፤ ለእሱ መጠን ውሃ እንደ ማር ወፍራም ስለሆነ ወዲያው ቀጥ ይላል።

ጥያቄ፦ ነጭ የደም ሕዋስም ይዋኛል?

መልስ፦ ጅራት የለውም፤ ይድሃል። ከፊት አክቲን የሚባል ፕሮቲን ክሮች እየተቀጠሉ ሽፋኑን ይገፋሉ፣ ያ ክፍል ወለሉን ይይዛል፣ ከኋላ ያለው ተጨማድዶ ይከተላል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ገደማ ነው።