የወደቀው ግራቪሊያ ጠረጴዛ ይወጣዋል ወይ ላልሽው

እህታችን፣ «በክረምቱ ንፋስ ግቢያችን ያለው ትልቅ ግራቪሊያ ወደቀ፤ ጎረቤት ለማገዶ ከሚከፋፈለው ጠረጴዛ ይወጣዋል ወይ?» ብለሻል። በደንብ ይወጣዋል። እባክሽ ለእሳት አትስጪው። እንጀራዬ እንጨት ሥራ ነው፤ ለዋንዛ ጣውላ ስንት ብር የሚከፍል ሰው ደጁ የወደቀውን ግንድ ሲያነድ ማየት ያንገበግበኛል።

ባህር ዛፍ ቢሆን ይህን ያህል አልገፋፋሽም፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ግራቪሊያ ግን ከመሃሉ ወደ ቅርፊቱ አቅጣጫ በመጋዝ ሲሰነጠቅ ገጹ ላይ የሚያብረቀርቅ ዝንጉርጉር ያወጣል። ቫርኒሽ ሲነካው ደግሞ ይበልጥ ይጎላል።

መጀመሪያ ግንዱን እንዳያሳጥሩት ተቆጣጠሪ። ሞተር መጋዝ የያዘ ሰው ልማዱ ማገዶ ነው፣ በክንድ በክንድ ይቆራርጠዋል። ለጠረጴዛ ቢያንስ ሁለት ሜትር ይቅርልሽ። ከዚያ ሳታሳድሪ ሁለቱንም ጫፍ የተረፈ የዘይት ቀለም ቀቢ። እርጥበት በጫፍ በኩል ቶሎ ስለሚወጣ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መሰንጠቂያ ቤቶች «የግቢ ዛፍ» ሲባሉ ፊታቸውን የሚያጠቁሩት በምስማር ምክንያት ነው። የልብስ ማስጫ ሽቦ፣ የአጥር ምስማር፣ ዛፉ ሁሉንም ውጦ ያድጋል፤ መጋዛቸውን ይሰብርባቸዋል። ቅርፊቱን ልጣችሁ ማግኔት አስጠጉበት። ጠቆር ያለ ቦታ ካያችሁ ጠርጥሩ። በጥልቀት የገባውን ማግኔት አያገኘውምና ለባለ ማሽኑ አስቀድመሽ ንገሪው።

ጣውላው 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው። አሁን ዋናው ነገር ማድረቁ ነው። ከመሬት ከፍ አድርገሽ ደርድሪው፤ በየጣውላው መሃል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች አስገቢ፣ እነሱም ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይሁኑ። መስመሩ ከተዛባ ጣውላው ይጎብጣል። ከላይ ድንጋይ ጫኚበት፣ ቆርቆሮ አልብሺው። ላስቲክ አትጠቅልይው፣ ይሻግታል። ፀሐይ ላይም አታስጪው፤ የአዲስ አበባ በጋ ፀሐይ ገጹን ብቻ አድርቆ ይሰነጥቀዋል። እኛ ዘንድ የሚሠራበት ግምት ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ነው። አንዷን ጣውላ በየወሩ መዝኛት፤ ክብደቷ መቀነስ ሲያቆም ለአናጺ አስረክቢው። ሁለት ዓመት ረዘመ ካልሽ ከአጫጭሩ ቁራጭ በርጩማ ይሠራልሽ፣ እሱ ቀጭን ጣውላ ስለሚበቃው ቶሎ ይደርሳል።

ቅርንጫፍ ከግንዱ የሚለያይበትን ጉጥ ደግሞ እንዳትጥይው። መስመሩ ተጠማዞ የሚያምረው እዚያ ነው፣ ቅርጽ ለሚሠራ ሰው ወርቅ ነው። ስትልጉት አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ፤ የግራቪሊያ ሰጋቱራ የአንዳንድ ሰው ቆዳ ያሳክካል።

የግንዱን ውፍረትና ፎቶውን ለጥፊልን፣ ስንት ጣውላ እንደሚወጣው አብረን እናሰላለን።